ሞፈር ያሰቀለ ደብዳቤ

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም በታች ነበር። ባለቤቴ በተወለድኩበት ቆላ ነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች መኪና ይነዳ ነበር። ለፋሲካ ሲመጣ፣ "ያገርሽን ሰው ብታዪው አታውቂውም" አለኝ። አውድማው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሻይ ቤት ተከፍቷል። ዳቦ ገዝቶ የሚበላ ገበሬ አለ።

ደስ አለኝ። እዚያ የሚያርስ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ልጆቹ ብዙ፣ በሬው አንድ። "ሞፈርህን ስቀልና ቶሎ ተቀጠር፤ አንተም እንደ ሰው ደመወዝ ብላ" ብዬ ጻፍኩለት። ሥራው እስከ መቼ እንደሚቆይ ባለቤቴን አልጠየቅኩትም።

በአገራችን ከከተማ የመጣ ደብዳቤ የአንድ ሰው አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ለሰንበቴ ጠላ ሲቀመጥ፣ ፊደል የለየ ተነሥቶ ለሁሉም ያነበዋል። እዚያው ያደግኩት ሴትዮ ይህን ረሳሁት።

በዚያ ክረምት ወንድሜ ብቻ ሳይሆን ግማሹ መንደር አላረሰም። ደቦ የሚጠራም፣ ተጠርቶ የሚወጣም ጠፋ። ያን ጊዜ ጦሙን ያደረ መሬት የሰው ሆኖ አይቆይም፤ ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጠው። ዓመት ሳይሞላ ቆፋሪዎቹ ማሽናቸውን ነቅለው ሄዱ። ባለቤቴ ሌላ ቦታ ተመደበ። የእኔ ቤት ምንም አልጎደለበትም።

ወንድሜ ከነቤተሰቡ እኔ ዘንድ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ክር ማጠንጠን አስለመደው። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ልጆቼን "እናታችሁ ከተሜ አደረገችኝ" እያለ ያስቃቸዋል። እኔ አልስቅም።

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ፣ "ቀኖና እሰጥሻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን ወንድምሽን ይቅርታ ለምኚ" አሉኝ።

ከሥራ ሲገባ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

"ኧረ ተነሽ፣ እትዬ! ሰው ቢያይ ምን ይላል?"

"ማረኝ።"

"እኔማ ምሬሻለሁ። እንጀራሽን እየበላሁ ልቀየምሽ?" ክንዴን ይዞ አነሣኝ። "በጎረቤቶቼ ፈንታ ግን ልምርሽ አልችልም።"

"እነሱስ የት ገቡ?"

"እኔ እንጃ። ሁሉም እንደ እኔ ጉለሌ እህት የለውም።"

ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። እነሱን የት ሄጄ እንደምለምን ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።