ያልተፈተሸው ቦርሳ

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚኒባስ ስሳፈር ያቁነጠንጠኛል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስንመጣ፣ ኮሶዬን እንዳለፍን የአንዲት ሴት ስልክ ጠፋ። ከግራና ከቀኟ የተቀመጥነው እኔና ጋቢ የለበሱ አዛውንት ነበርን። «ምነው ልጄ፣ ማርያምን አላየሁም!» አሉ አዛውንቱ፣ በእኔው አገር በመካነ ብርሃን አነጋገር። ተሳፋሪው ሳቀባቸው፤ ወዲያው ደግሞ «ይፈተሹ!» አለ። ጋቢያቸውን አስወልቆ ኪሳቸውን ገለበጠ። እኔ ዩኒቨርሲቲ በለመድኩት አማርኛ «አላየሁም» አልኩ። በቃ፣ ታመንኩ። ቦርሳዬን የነካው የለም።

ስልኩ ከወንበሩ ሥር ተገኘ። ያ ሁሉ ዳኛ አንድ ይቅርታ አጣ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን መልሰው እየለበሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አገርህ የት ነው፣ ልጄ?»

«ጎንደር ከተማ» አልኳቸው፣ አነጋገሬን አስተካክዬ።