ከጠረጴዛ ሥር እስከ አምባራስ

ሊይዙኝ ሲመጡ ደባርቅ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ድንኳን እያጠብኩ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው። «ታጠብና ተነስ» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ውሸት ለምን አወራለሁ። ባለቤቴ ፎጣ ይዛ ወጣች። ሁለቱ ልጆቼ ጎረቤት ነበሩ፤ እንኳንም አላዩ።

ሥራዬ እንግዳ መምራት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አገር ሰው ስሜን ተራራ ሳወጣና ሳወርድ የገዛ ልጆቼን ከደባርቅ አውጥቼ አላውቅም። ለሰው ሲቆርሱ ለራስ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ ለራሴ ጭራሹን አልቆረስኩም። ያን ሰሞን እንግዳው ስለጠፋ፣ ትምህርት ሲዘጋ ተራራ ልወስዳቸው ቃል ገባሁላቸው። ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት። ድንኳኑን የማጥበው ለዚሁ ነበር።

ዳባት ወሰዱኝ። የገባሁበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ፣ ጥጋጥጉ ላይ የገብስ አቧራ አለ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሌሊቱ ትንፋሻችን ከጣራው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድብናል። አስራ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ሁሉም ዓይኑን ሲሰብር፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

«ና እዚህ፣ ልጄ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«እንግዳ መሪ ነኝ፣ አባቴ።»

«የፈረንጁ? ወይ ጉድ! እኔ የአምባራስ መንደር ሰው ነኝ። በደጄ ስንቴ አልፈሃል! አንድ ቀን እንኳ ገብተህ ውሃ አልጠጣህም።»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነበር።

እሳቸው የተያዙት ሰው አሳድረው ነው። መንገደኛ ደጃቸው ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» አላቸው፤ አስገቡት፣ አበሉት፣ መደብ ሰጡት። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። በአገራቸው እንግዳ እህል ሳይቀምስ ስሙ አይጠየቅም፤ እህል ከቀመሰ በኋላ ደግሞ ተኝቶ ነበር። ነጋ፣ ሄደ፤ ለካ የሚፈለግ ሰው ኖሯል፣ መጥተው እሳቸውን ወሰዷቸው። ነገሩ ተጣርቶ «ሰኞ ትወጣለህ» ተብለው ቀን ይጠብቃሉ። ለሰኞ አራት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ በአጥሩ ማዶ ሆና ሁለት ሦስት ቃል መጮህ ይፈቀድላት ነበር።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ልጆቹስ?»

«ትንሹ ደህና ነው። ልጅቷ ግን አኩርፋለች! እንግዳ ይዞ ተራራ ወጣ ብያት፣ እኔን ትቶ ሄደ ብላ እህል አልቀምስም አለች።»

መታሰሩን ችዬው ነበር፤ ያንን ግን አልቻልኩም። ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ ገባሁ፣ በላን፣ አጥቤ ልመልስ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ባዶውን ልትሰድ ነው?»

«እስር ቤት ምን አለና አባቴ?»

«የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ለሚስትህ ባይሆን ለልጅህ አንድ ነገር አድርግበት።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ልጆቹን ተራራ መውሰድ ካልቻልኩ ተራራውን ቤት ላምጣላቸው አልኩ። እንዴት ያለ ጉዞ እንደምመራ እኔ አውቃለሁ! አንድ መምህር እስረኛ እስክሪብቶ አዋሰኝ፤ በሳሙና መጠቅለያ ጀርባ ላይ ለእንግዳ እንደማደርገው ቀን በቀን ጻፍኩት።

አንደኛ ቀን፤ ጓዝ ይጫን። በቅሎዋ ትራስ ናት፣ ጫኙ ትንሹ። ስካውት፣ የመንገዱ ጠባቂ፣ ትልቋ፤ ዱላ ትያዝ። አዳር ሳንቃበር ካምፕ፣ ጠረጴዛው ሥር። ሁለተኛ ቀን፤ ጨነቅ ካምፕ፣ አልጋው ላይ። ገደል ስላለ ጫፍ ላይ አይቆምም። በመስኮት የጎረቤት ፍየል እስክትታይ ዝም ይባል፤ ዋልያ ናት። ሦስተኛ ቀን፤ ቧሂት ተራራን መውጣት፣ የእህሉ ጆንያ ላይ። ይበርዳል፣ ጋቢ ይደረብ።

ለክፍሉ ሰው ሳነብ ሁሉም ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ ኮስተር አሉ።

«ቧሂትን ወጥተው ከዚያስ? ልጆቹን ብርድ ላይ ልትተዋቸው ነው? አምባራስ ይውረዱ እንጂ! እኔ ቤት ይደሩ። እርጎ አለ።»

«ይሁን አባቴ። ጓዳው የእርስዎ ቤት ይሁን።»

«ውሻዬ ኃይለኛ ነው። በር ላይ ቆመው ይጣሩ። ውሻው ይታሰር ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። አራተኛ ቀን፤ አምባራስ፣ ሽማግሌው ቤት አዳር። ሳይገቡ ይጣሩ፣ ውሻው ይታሰር።

አሁን ሳስበው ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ እላለሁ። ደብቄው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ምን የሚደበቅ አለው ብዬ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገልጬ አስቀመጥኩት። ጥበቃው አገኘው። ከሰዓት በኋላ መርማሪው ፊት ቆምኩ።

ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበው፣ ገልብጦ የሳሙናውን ሥዕል አየ፣ እንደገና አነበበው።

«ይሄ በምስጢር የተጻፈ መንገድ ነው። ስካውቷ ማን ናት?»

«ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው።»

«በቅሎዋስ?»

«ትራስ ናት፣ ጌታዬ። የልጆች ጨዋታ ነው።»

አልሳቀም። እኔም መሳቅ ዳድቶኝ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«አምባራስ የሚያሳድራቸው ሽማግሌ ማን ነው? እሱን ንገረኝና ጨዋታ ነው ያልከውን አምንሃለሁ።»

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሰው አሳድረሃል ተብለው የታሰሩ ሰው፣ ሰኞ ሊወጡ፣ እኔ በእጄ ደግሞ ያሳድራሉ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ! አፌን ቆርጦ ይጣለው፣ እጄንም። «ማንም አይደለም፣ ከልቤ ፈጥሬ ነው» አልኩ። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት አለኝ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ለሽማግሌው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ጋቢያቸውን ሲያካፍሉኝ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጠዋት ለቆጠራ ግቢው ውስጥ ተሰልፈናል። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ መጣና ሁሉም እየሰማ አራተኛውን ቀን አነበበው።

«ይሄ ሽማግሌ ማን ነው? አንተ፣ የመጨረሻ ዕድልህ ነው፤ ትናገራለህ አትናገርም?»

«ማንም አይደለም ብያለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ከኋላዬ ወደ ፊት ሲወጡ የበትራቸውን ድምፅ ሰማሁ። ዝም እንዲሉ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ አላዩኝም፣ ወይም አይተው ተዉኝ።

«ቤቱ የእኔ ነው» አሉ። «ውሻውም የእኔ ነው። የዚህ ሰው ልጆች ቢመጡ ላሳድራቸው ብያለሁ። ያንን መንገደኛ አሳድሬ ታሰርኩ፤ እነዚህንም አሳድራለሁ። አንተም በዚያ ስታልፍ ቢመሽብህ፣ ልጄ፣ ደጅ አታድርም።»

መርማሪው ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰኞ መጣ፤ የሽማግሌው ስም አልተጠራም።

«ምነው አባቴ፣ ዝም ቢሉስ!» አልኳቸው። እንባዬ እየመጣ ነበር፣ አልደብቅም።

«ለልጆቹ ቤት ሰጥቻቸው፣ በማግሥቱ ቤቱ የኔ አይደለም ልበል? ተወኝ እስቲ፣ ወዲህ ግባ ይበርዳል።»

ባለቤቴ በመጣች ጊዜ ወረቀት ስላልነበረኝ ጉዞውን በአጥሩ ላይ ጮኼ ነገርኳት። ስንቅ ያመጣው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ከሁለት ሦስት ቃል አልፌ ነበር፤ ወረቀቱን ያገኘው ጥበቃ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ቆመ። ቧሂት ላይ ጋቢውን ስረሳው የክፍሌ ሰዎች ከኋላዬ «ጋቢ! ጋቢ!» አሉኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱ መጣ።

«ጠረጴዛው ሥር አደሩልህ! ልጅቷ እህል በላች! ጓዳ በር ላይ ግን ቆማ፣ ውሻው ታስሯል ካላልኳት አትገባም!»

ዞር ብዬ ሽማግሌውን አየኋቸው። ሰምተዋል። ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣሁ። እሳቸው ከዚያች ሰኞ ወዲህ ሰባት ሳምንት ቆዩ። ያንን ሰባት ሳምንት ማን ይመልስላቸዋል? እስካሁን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

መንገዱ ሲከፈት፣ ነገሩ ሲረጋጋ፣ ልጆቼን ይዤ አምባራስ ሄድኩ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁን ዓይን አፋር ሆናለች። ሽማግሌው ታስረው ሳለ ውሻቸው መሞቱን ከአንድ የአገራቸው ሰው ገበያ ላይ ሰምቼ ነበር፤ ለልጆቹ ግን አልነገርኩም። አጥሩ ጋ ስንደርስ እኔ ቀድሜ ልገባ ስል ልጄ እጄን ጎተተችኝ። ቆመችና በቀጭን ድምፅ ተጣራች።

«አባባ! ውሻው ታስሯል?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ልጅቷን አዩ፣ ትንሹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ፤ እዚያ የተተከለ ችካል አለ፣ አሮጌ ገመድ የተንጠለጠለበት። ጎንበስ ብለው ባዶውን ገመድ ችካሉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አጠበቁት።

«ታስሯል፣ ልጄ» አሉ። «ግቡ።»

ልጆቹ ሮጠው ገቡ። እኔም ገብቼ ውሃ ጠጣሁ። አሁን እንግዳ ይዤ በዚያ ሳልፍ ሳልገባ አላልፍም፤ እንግዶቹ ውሻ በሌለበት ግቢ በር ላይ ቆሜ ስለ ውሻ ስጣራ ምን እንደነካኝ ይጠይቁኛል፣ እኔም እህል ሳትቀምሱ አልነግራችሁም እላቸዋለሁ።