የጾሙ ዱቄት

ሱሉልታ ቤት በተከራየሁበት ዓመት ብረት ማንሳት ጀመርኩ። አዲስ አበባ ሥራ ውዬ ስመለስ ጂም እገባለሁ፤ ስጨርስ ከወተት የሚሠራውን የፕሮቲን ዱቄት በሼከር በጥብጬ እጠጣለሁ። ይጣፍጣል። ግን ሼከሩ ሳይታጠብ ከዋለ ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ የከረመ ወተት ግማት ነው። ክንዴ እየወፈረ ስለነበር ቻልኩት።

ሁዳዴ ሲገባ አሠልጣኛችን የጾም ዱቄት እንዳለው ነገረኝ። ከአተር የተሠራ ነው፣ ለጡንቻ ከወተቱ አይተናነስም አለ። በላስቲክ መዝኖ ሰጠኝ። ስጎነጨው ጥሬ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ የጠጣሁ መሰለኝ። ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ጉሮሮዬ ላይ ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል። አፍንጫዬን ይዤ እጨርሰው ነበር። የማነሳው ኪሎ ግን አልቀነሰም።

ሁለተኛው ላስቲክ ሌላ ሆኖ መጣ። ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ አረፋ የሚሠራ። አሠልጣኙን ብጠይቀው አሻሽለውት ነው አለኝ። እኔም አላጣራሁም። እንዲያውም አብሮኝ ብረት ለሚያነሳው የቡራዩ ጓደኛዬ አካፈልኩት። እሱ የሚጾም አይደለም፤ ወተት ሆዱን ስለሚያውከው ነው የአተሩን የፈለገው። ሁለት ቀን ሆዱ ተነፍቶ ከመጸዳጃ ቤት ሳይወጣ ከረመ። የቧንቧው ውሃ ነው ተባባልን።

አከራዬ ላም የሚያልቡ አሮጊት ናቸው። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ የረሳሁትን ሼከር አንስተው አሸተቱ። መጀመሪያ በኦሮምኛ «አነን» አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወተት ነው ልጄ። አንተ ትጾም የለም እንዴ?» አሉኝ።

የአተር ነው እማማ ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ሼከሩን አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ያው የድሮው ግማት ነበር። ማታ ጂም ሄጄ አሠልጣኙን አፋጠጥኩት።

አሠልጣኙ አልካደም። የአተሩ አልቆበት ከወተቱ ጨልፎ እንደሰጠኝ፣ ብረቶቹን እየጠራረገ ነገረኝ።

«ማን ይለየዋል ብዬ ነው» አለ። «አንተስ ወደኸው የለ?»

እሱን ተጸየፍኩት፤ ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን። የንስሐ አባቴ ኃጢአቱ ያታለለህ ሰው እንጂ ያንተ አይደለም ብለው አጽናኑኝ። አልነገርኳቸውም እንጂ ምላሴ ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ አውቆ ነበር። ስለጣፈጠኝ ነው ዝም ያልኩት።

ለጓደኛዬ ግን ሁሉንም ነገርኩት። ሳይቆጣ አዳመጠኝና፣ «ሁለተኛ ከእጅህ ምንም አልጠጣም» አለኝ። ጂም ቀየርን። አሁን ከልምምድ በኋላ እሱ የራሱን ቆሎ፣ እኔ የራሴን የሽምብራ ንፍሮ ይዘን እንቀመጣለን። እስካሁን ዝገን ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ዝገን ለማለት አፍራለሁ።