ጋሽ ደሴ አትጻፊው ያሉኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም ደፍሬ አልተናገርኩም። እናንተ ስሙኝ።

የታሪክ ተመራማሪ ነኝ። የማጠናው የድሮ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን ስሜት ነው፤ ሕመምተኛ እጃቸው ላይ ሲሞት ምን ይሰማቸው እንደነበር። ከአዲስ አበባ ወረታ የሄድኩት ለዚሁ ነው። ጡረታ የወጡትን ድሬሰር፣ ጋሽ ደሴን፣ ያገኘኋቸውም እዚያው ነው።

በወጣትነታቸው ፎገራ ሜዳ ላይ ወባ ያከሙ ሰው ናቸው። ብዙ አወሩኝ። አንድ ቀን ግን ወሬያቸውን አቋርጠው አለቀሱ። ወባው በበረታበት ዓመት ጎርፉ መንገዱን ዘግቶት፣ እጃቸው ላይ የቀረው መድኃኒት ለአንድ ሕፃን ብቻ የሚበቃ ነበር። የራሳቸው ልጅና የጎረቤታቸው የእማማ ጥሩዬ ልጅ እኩል ታመዋል። ለራሳቸው ልጅ ሰጡት። እማማ ጥሩዬን «አልቋል» አሏቸው። ልጅቱ ሞተች።

«እንዳትጽፊው፣ ልጄ» አሉኝ። «እናቷ በሕይወት አለች። ዛሬም አንድ ማኅበር ነን። ልጄም አያውቅም።»

«አልጽፈውም» አልኩ። እጃቸውን ይዤ ነው ያልኩት።

ጻፍኩት። እዚያው ወረታ፣ የከተማው ሰው በተጠራበት የጥናት ስብሰባ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስማቸውን ለውጬ ነበር። ስም መለወጥ ምን ሊረባ? በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ሌላ ድሬሰር ማን ነበር? አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ አነበብኩት። ስጨርስ አዳራሹ ጭጭ አለ። አድናቆት መስሎኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ መምህር።

«መድኃኒቱን የዋጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «እማማ ጥሩዬ እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉኝ። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ልያቸው?»

«ማን ናት?» አሉ ጋሽ ደሴ ከውስጥ።

«እሷ ናት።»

«ትሂድ።»

ከዚያ ወዲያ ማኅበርም አልሄዱ፣ ከሰውም አልተቀላቀሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። እማማ ጥሩዬ ቀብሩ ላይ መጥተው፣ እንባ ሳይወጣቸው ቆመው ተመለሱ አሉ። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸውን አልቅሰው እንኳ እንዳይቀብሩ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

እኔ ለቀብሩ አልሄድኩም። ያ ጽሑፍ ዝና አስገኘልኝ፤ ስለ ኀዘን እንድናገር ዛሬም እጠራለሁ፤ እሄዳለሁም። ለእውቀት ብዬ ነው አልላችሁም። አንድ ሽማግሌ እያለቀሱ ለመኑኝ፤ እኔ ለምስጋና ስል ሸጥኳቸው።

እግዜር ይፍታሽ አትበሉኝ።