የዓርብ ወተት

በጣሊያን ጊዜ እናቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። አባቴ ገና ሳልድህ ሞቶባት፣ የምታሳድገኝ ለአንድ የፈረንጅ ልጆች ትምህርት ቤት አንሶላና ፎጣ እያጠበች ነበር።

እዚያ የጣሊያን ሹማምንት፣ የግሪክ፣ የአርመንና የየመን ነጋዴዎች ልጆች ይማራሉ። ክፍል ውስጥ ጣሊያንኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም በየቋንቋው ይንጫጫል። ሲሰዳደቡ ግን በአማርኛ ነበር፤ ከገበያችን ስድብ የሚበልጥ አላገኙም መሰለኝ።

ሐበሻ ከእነሱ ጋር እንዲማር አይፈቀድም። አስተማሪያችን የነበረችው ጣሊያናዊት መነኩሲት ግን እኔን ከኋላ ወንበር ታስቀምጠኝ ነበር። ሹም ሲመጣ መጥረጊያ አነሣለሁ፤ ሲሄድ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ማንበብ ጀምሬ ነበር። ያን ወንበር የወደድኩትን ያህል የወደድኩት ቦታ የለም።

ረፋድ ላይ ለየልጁ አንድ ኩባያ ወተት ይታደላል። መነኩሲቷ ካቶሊክ ናትና ረቡዕና ዓርብን አታውቅም፤ «ልጅ አይጾምም» ትላለች፣ ኩባያው ባዶ መሆኑን ሳታይ አትለቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው የግሪኩ ነጋዴ ልጅም ኦርቶዶክስ ናትና እንደኔው ጿሚ ነበረች። መላ መታን፤ የሁለታችንንም ወተት የየመኑ ነጋዴ ልጅ በጠረጴዛ ሥር ተቀብሎ ይጨልጥልናል። ረቡዕና ዓርብን እንደሱ የሚናፍቅ ሰው በጎጃም አልነበረም።

አንድ ዓርብ ኩባያው ከእጁ አመለጠና ቀሚሴ ላይ ተደፋ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ የፈሰሰ ወተት ግን ይሸታል፣ የአጣቢ አፍንጫ ደግሞ አይታለልም።

«ዓርብ ቀን ወተት?» አለች እናቴ ቀሚሴን አሽትታ።

«ማርቆስን! አልጠጣሁም፣ እምዬ! ለሌላ ልጅ ስንሰጥ ነው የተደፋብኝ። የግሪኳም ልጅ ትጾማለች።»

«ፈረንጅ ይጾማል? ምነው ውሸቱን እንኳ ብታሳምሪው!»

ያስፈረደብኝ ይኸው እውነት ነው። እናቴ አለቀሰች፤ «ለፊደል ብዬ ነፍስሽን አልሸጥም» አለች። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ቀረሁ፤ እሷም ሥራዋን ትታ በየሰው ቤት እህል ፈጪ ሆነች። ማንበብ የቻልኩት ልጆቼን ድሬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሷ ላይ ግን መቆጣት አልቻልኩም፤ የራሷንም እንጀራ አብራ ነውና የተወችው።

ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ከተማውን ለቀቀ። በስቅለት ዕለት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ፣ የግሪኩ ነጋዴ ሚስትና ልጇ ጫማቸውን አውልቀው ከሴቶቹ መካከል ይሰግዳሉ። እናቴ ስግደቷን አቋርጣ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ፣

«ልጄ፣ ዓርብ ዓርብ ወተት ትጠጪ ነበር?» አለቻት።

«ኧረ አልጠጣም፣ እትዬ። እሷም አትጠጣም» አለች ልጅቷ ወደኔ እያመለከተች።

በፋሲካ ማግስት እናቴ ያን ወተት የተደፋበትን ቀሚስ አጥባ አለበሰችኝ፤ አጥሮኝ ነበር። ፀጉሬን ጎነጎነችኝና እጄን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ። መነኩሲቷ ከጣሊያኖቹ ጋር መሄዷን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እናቴም ታውቃለች። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። እናቴ አንኳኳች።

«እምዬ፣ ማንም የለም እኮ» አልኳት።

«ቆይ፣ አልሰሙን ይሆናል» አለችና ደግማ አንኳኳች።