የአኻያዬ ጉቶ

ልጅ ሳለሁ ሮቢ ወንዝ ዕውር ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እንዳስብ ያደረጉኝ አያቴ ናቸው። ሲመሻሽ የማሽላው አገዳ ነዶ ፍሙ ሲቀር፣ ኩራዟ ከምሰሶው ላይ ጥቀርሻዋን እየተፋች፣ አባባ ይመር መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሃቸውን፣ ጉልበታቸው ላይ አኑረው ያንኑ ተረት ይነግሩን ነበር። ዕውሩ ሽማግሌ ውሃ ጠምቶት በአንድ ቤት ዙሪያ ይሄዳል። አይቆጣም፣ አይሰብርም፤ ግድግዳውን እየዳበሰ በር ብቻ ይፈልጋል። ግድግዳው እንጨት ከእንጨት ተያይዞ የቆመ ነውና መግቢያ ያጣል። በመጨረሻ የቤቱ ልጅ ታዝንለትና አንዲት እንጨት ነቅላ ታስገባዋለች። እሱም ቤቱን ከነምድጃው ይውጠዋል።

«አባባ፣ ወንዙ አይደል እንዴ ሽማግሌው? ውሃ ደግሞ ውሃ ይጠማዋል?» እላቸው ነበር።

«ዘሀራ፣ አንቺ ተረት አታስጨርሺም» ይሉና ይስቁ ነበር። ያኔ አባባ ገና ይስቃሉ።

ግድግዳው የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በኛ ቤት ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ስም በሚወጣበት ዕለት፣ አባባ የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጠው ማሳችን ከወንዙ በሚገናኝበት ዳር ይተክላሉ። አኻያ እርጥብ መሬት ካገኘ ሳይውል ሳያድር ሥር ይሰዳል። የአባቴ፣ የአክስቶቼ፣ የኔም አኻያ በተርታ ቆመው የሮቢን ደራሽ ውሃ ያንን ሁሉ ክረምት ከማሽላችን አግደውት ኖረዋል። ሌላ ማሳ አልነበረንም፤ ዓመቱን የምንበላው ከዚያችው ነበር። የኔ አኻያ የቆመው ወንዙ ታጥፎ ዳሩን በሚመታበት ጥግ ላይ ነው። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

አባቴ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ አልፎ አልፎ በሌሊት ብቻ ብቅ ማለት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጣልያኖች መጡ። አርበኞች ከዛፎቹ ውስጥ ሆነው መንገዱ ላይ ይተኩሳሉ ተብሎ ዳሩ ሁሉ ተመነጠረ። ግንዱን በካሚዮን ጭነው ወደ ካምፓቸው ወሰዱት። አባባንም በልጃቸው ምክንያት አስረው ወሰዷቸው። እጃቸው ታስሮ በደጃችን ሲያልፉ አላለቀሱም፤ ወደ እናቴ ዞረው፦

«ጉቶዎቹን እንዳትነኩ። ሥራቸው አለ፤ ዝናቡ ሲያገኛቸው ያቆጠቁጣሉ» ብቻ አሉ።

እውነትም አቆጠቆጡ። በሐምሌ መጀመሪያ የአባቴ ጉቶ ጆሮ የሚያህል ቅጠል አወጣ፣ የአክስቶቼም ተከተሉ። የኔው ብቻ እንደደረቀ ቀረ። በየቀኑ እየሄድኩ አየው ነበር፤ በመጨረሻ ተናደድኩበት።

እናቴ ወንድሜን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። አገዳው አልቋል፣ ኩበቱ ረጥቧል፣ ወደ ኮረብታው ለእንጨት የወጣ ሰው ይተኮስበታል። እናቴን ሊያርሱ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ሐሊማ ድስቱን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና «ለገንፎ የሚሆን እንጨት ይጥፋ? ቤቱን እንንቀለው እንዴ?» አሉ። ይህን ሲሉ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አየሁ። ዶማውን ይዤ ወጣሁ።

ጉቶዬ የሞተ ነው፣ ደግሞም የራሴ ነው ብዬ ነበር። ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ አፈር ስለነበር ለዶማ አላስቸገረም። ሥሩ ግን ወደ ወንዙ ወርዶ ወርዶ ማለቂያ አልነበረውም፤ ስቆርጠው ውስጡ እርጥብና ነጭ ነበር። ያኔ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። ጎትቼ ወሰድኩት፣ ጭሱም የሁላችንንም ዓይን አስለቀሰ፤ እናቴ ገንፎዋን በላች። እትዬ ሐሊማ «ተባረኪ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ደራሽ ውሃው የመጣው ወደ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ሌላውን ጉቶ ሁሉ እየታከከ አለፈና እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ገባ። ከአፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት። አፈሩ እንደ እንጀራ እየተቆረሰ ይወድቅ ነበር፣ ማሽላውም እንደቆመ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ሦስት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ማሳችን ድንጋይና አሸዋ ነበር።

«ጣልያን ጨረሰን» አለች እናቴ። ጎረቤቱም እንዲሁ አለ። እኔም አልኩ።

አባባ መስቀል ሲያልፍ ተፈቱ። ከስተው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው መጀመሪያ ወደ ወንዙ ሄዱ። ያቆጠቆጡትን ጉቶዎች አንድ በአንድ ነኩ፤ ተርታው ከተቋረጠበት ሲደርሱ ብዙ ቆሙ። ወደ ቤት ሲገቡ ምድጃው ሥር ግማሹ ነዶ የቀረ የአኻያ ሥር ነበር። አነሱት፣ የዶማዬን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ መልሰው አስቀመጡት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ከጫካ ሳይመለስ፣ በኅዳር የሚታጨድ ስላልነበረን ካራቆሬ ዘመድ ቤት ገባን፤ በሰው መሬት እያረምንና እያጨድን ኖርን። አባባ ተረት ትተው ነበር። ወንድሜ አፉን ፈትቶ ተረት እንዲነግሩት መለመን ሲጀምር ግን አንድ ምሽት እሺ አሉት። ያው ሽማግሌ፣ ያው ግድግዳ። ልጅቷ የምትመጣበት ቦታ ሲደርሱ ፍሙን መቆስቆስ ጀመርኩ።

«እና ማን አስገባው?» አላቸው ወንድሜ።

አባባ ቀና ብለው በፍሙ ላይ አሻግረው አዩኝ። «እንግዳ ነው ያስገባው» አሉ። «ቤቱን የማያውቅ እንግዳ።»

እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ብለው ነገሩት።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። በሄድኩበት ወንዝ ዳር አኻያ ሳልተክል አላልፍም፤ ያቺን ማሳ ግን አንዱም አልመለሰልኝም። የቀረኝ ተረቱ ነው። ለልጅ ልጆቼ ስነግር እንግዳውን አውጥቼ ልጅቷን ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። ስሟ ማን ነበር ሲሉኝ ዘሀራ እላቸዋለሁ። የሚያምነኝ የለም፤ ይስቃሉ።