በረዶ የያዘው ጠበል

ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ በብርድ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሾች መካከል አለ ብዬ አላምንም። ጉራ ነው የሚል ካለ ቧንቧው ሲፈነዳበት እኔን እንዳይጠራ። ወደዚህ አገር ስመጣ ከመኪና መንዳት በቀር ሙያ አልነበረኝም። ማሞቂያ መጠገን፣ ቧንቧ መቀጠል፣ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት፣ ሁሉንም የተማርኩት ታክሲዬ ውስጥ ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግቼ፣ መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አነብ ነበር። አስተማሪውም እኔ፣ ተማሪውም እኔ። ውሃ ሲረጋ እንደሚያብጥ፣ ሲያብጥም መዳብ ነው ፕላስቲክ ነው ሳይል የያዘውን ዕቃ እንደሚሰነጥቅ ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ጡረታ ስወጣ በርክ የምትባል ከተማ ከሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሮጌ ሞተርሆም ገዛሁ። አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው፣ በመሪ የሚሄድ ቤት ማለት ነው። ወዳጆቼ ሳቁብኝ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ደፈንኩት። የውሃ ፓምፑ ሞቶ ነበር፤ ፈትቼ አስነሣሁት። ወለሉን ቀየርኩ። በመጨረሻ የሳቁት ሁሉ ጫማቸውን እያወለቁ ገብተው አዩት።

ባለቤቴ አልሳቀችም። ዕድሜዋን የፈጀችው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ነው። "ስንቱ መንገደኛ እኔ ባነጠፍኩት ላይ ተኝቶ ሄደ" ትል ነበር። "አሁን ደግሞ እኔ የራሴን አልጋ ይዤ ልሂድ።"

"ወዴት?" አልኳት።

"ወደ ምዕራብ ነዋ። መንገዱ እስኪያልቅ።"

የሰፈራችን ደንብ እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና በር ላይ ማቆም ይከለክላል። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ አንድ የወሎ ሰው ጋራዥ ግቢ አስቀመጥኩት። ይህ ሰው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ሙስሊም ነው፤ አፉ ስለት ነው፣ ልቡ ግን ቅቤ። መነሻችን ሲቃረብ ታንኩን አጥቤ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ፣ የንስሐ አባታችንን ወደዚያ ወሰድናቸው። አዲስ ቤት የገባ ቤቱን ያስባርካል፤ የእኛ ቤት ጎማ ስላለው የሚቀርበት ምክንያት የለም።

እርሳቸውም ጸሎት አድርሰው ውስጡንም ውጪውንም ረጩት። ሊሄዱ ሲሉ ባለቤቴ በመኪናው ጎን ያለውን የውሃ መሙያ ክዳን ከፈተችና፣ "አባ፣ ይህንንም ይባርኩልን፤ መንገድ ላይ የምንጠጣው ነው" አለቻቸው።

"የመኪና ታንክ ባርኬ አላውቅም እኮ ልጄ።"

"ቤተ ክርስቲያን ያለውስ በርሜል አይደል እንዴ አባ?" አልኩ እኔ። ሳቁ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ረጅም ጸሎት ደገሙ፤ ከያዙት ጠበልም በመሙያው አፍ አንቆረቆሩበት። የጋራዡ ባለቤት ከሩቅ ሆኖ፣ "አባ፣ ጋራዤንም ይጨምሩበት፣ ደንበኛ ጠፍቶብኛል!" አለ። እርሳቸውም ለእሱ መረቁለት። ለእኛ ደግሞ፣ "እንግዲህ ጠበል ነውና እግር የሚረግጠው ቦታ እንዳይፈስ" አሉን።

ባለቤቴ ከዚያ ውሃ አንድ ጉንጭ እንኳ አልቀመሰችም፣ እኔንም አላስቀመሰችኝም። "የመጀመሪያውን የምንጠጣው ስንነሣ ነው" አለች። በዚያው ሰሞን ታመመች። ጉዞው ለመስከረም ተላለፈ፤ ከመስከረም ለጥቅምት። ከዚያ ወዲያ ማስተላለፉንም ተውነው።

ብርዱ ሊገባ ነው። ሞተርሆም ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ታንኩን ያፈስሳል፤ የሙቅ ውሃውን ጋን ያጎድላል፤ ቧንቧዎቹን በኮምፕረሰር አየር ይነፋል፤ ለቀረችው ጠብታ ደግሞ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ሰው የማይመርዝ ሮዝ ፈሳሽ በፓምፑ ስቦ በመስመሩ ሁሉ ያዳርሳል። ለስንት ሰው እንዲህ እንዳደረግሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የራሴን ግን መንካት አልቻልኩም።

"አስፋልት ላይ ልታፈሰው ነው?" አለችኝ ባለቤቴ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ።

"አላፈሰውም። በጀሪካን ቀድቼ ቤት አመጣዋለሁ።" ይህን ሐሳብ ያመጣው የጋራዡ ሰውዬ ነበር፤ ለሐሳብ መጥፎ አይደለም።

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች። ከዚያ፣ "ከቀዳኸው እኮ ጉዞው ቀረ ብለሃል ማለት ነው" አለች። "አልቀረም ካልክ እዚያው ይቆየኝ።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እዚያው እንዲቆይላት አደረግሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቻልም ብሎ ይተወው ነበር። እኔ ቧንቧዎቹን ሁሉ በሚሞቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠመጠምኳቸው። ታንኩ ባለበት ሣጥን ውስጥ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ሰቀልኩ። ነፋስ ከሥር እንዳይገባ ዙሪያውን እስከ መሬት በወፍራም ፎም ከለልኩት። ውስጡ ትንሽ ማሞቂያ አስቀመጥኩ፤ ሲበርድ ራሱ ይነሣል፣ ሲሞቅ ራሱ ይተኛል። ይህ ሁሉ ከጋራዡ በሚመጣ አንድ ገመድ ይሠራል። ውጪው በረዶ ሲሆን ገብቼ ታንኩን በመዳፌ ዳበስኩት፤ እንደ ሰው ገላ ለብ ብሏል።

"ጋሼ፣ የእኔ ቤት እንኳ እንዲህ አይሞቅም" አለ የጋራዡ ሰውዬ። "ሚስቴን ይዤ ልግባበት እንዴ?"

"ሞክርና እግርህን እሰብረዋለሁ።"

"እሺ ቁልፍ እንኳ ይተዉልኝ። አንድ ነገር ቢፈጠር ገብቼ አያለሁ።"

"ምንም አይፈጠርም" አልኩት። በእኔ ሥራ የሌላ ሰው እጅ ሲገባበት አልወድም፤ ወድጄም አላውቅም። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ጥር ላይ ባለቤቴ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። በዚያው ሳምንት የሚቀዘቅዝ ዝናብ ጣለ። ይህ ዝናብ ውሃ ሆኖ ይወርድና የነካውን ሁሉ መስታወት ያለብሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። እኔ እሷ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ፣ እዚህ ዛፍ ወድቆ መስመር በጥሷል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለውም" አለ የጋራዡ ሰውዬ። "የእርስዎም ቤት ጨልሟል። ከሰል ይሁን ጋዝ፣ የሆነ ነገር ላስገባበት ነበር። ቁልፉ የት ነው?"

ኪሴን ነካሁት። ቁልፉ አለ። "ከእኔ ጋር ነው" አልኩት።

 አፉ ስለት የሆነው ሰው አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። "አብሽሩ፣ ምናልባት ቶሎ ይመጣል" አለና ዘጋው።

መብራቱ ቶሎ አልመጣም። የዚያን ሰሞን ብርድ ደግሞ በዚህ አገር ስኖር ያየሁት ብርድ አይደለም። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ያ ታንክ አሁንም ድረስ ሙሉ ይሆን እንደነበር ዛሬም እምላለሁ። ሥራዬ እንከን አልነበረበትም። ግን እምላለሁ ብል ለማን ይጠቅማል? የጋራዡ ሰውዬ እንደገና ደውሎ፣ "ፎሙን ገለጥ አድርጌ ከሥር አየሁት፤ ሆዱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ በረዶ እንደ ጧፍ ተንጠልጥሏል" አለኝ።

"እየፈሰሰ ነው?"

"ምን ይፈስሳል፣ ድንጋይ ሆኗል እኮ ጋሼ።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ታንኩን የሰበረው በረዶ ራሱ ውሃውን ይዞታል። በረዶ ሆኖ እስከቆየ ድረስ አይፈስም፤ የሚፈስሰው ሲቀልጥ ነው። ስንት ወር ብርድን ስታገል የኖርኩ ሰው፣ ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ቆሜ፣ ጌታዬ ሆይ ብርዱን አታንሣብን ብዬ ጸለይኩ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ዐይኗን ገልጣ፣ "ያንን ውሃ አምጣልኝ" አለችኝ።

ከጌይተርስበርግ የመጣችው ልጃችን ከክፍሉ ውጪ ያዘችኝ። እኛ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። "ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ዋተር" አለችኝ፤ ውሃ እኮ ነው ማለቷ ነው። መንገዱ በረዶ ነው፣ ከቧንቧ ቀድተህ ስጣት፣ እሷ ልዩነቱን አታውቅም አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ ለእኔ ፈርታ ነው።

"እናትሽን ዋሽቻት አላውቅም፤ አሁን አልጀምርም" አልኳት። እናቷ ያንን ውሃ የምትቀምሰው ለጉዞ ስትነሣ ብቻ መሆኑን አላስረዳኋትም። እናቷ ስትጠይቅ ምን እንደጠየቀች የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኮቴን እየለበስኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የጋራዡ ሰውዬ ድምፅ የሠርግ ቤት ይመስላል። "ጋሼ፣ ብስራት! መብራት መጣ! ሁሉም በራ፣ ያንተ አምፖልም በርቷል!" ከደስታው ብዛት አንቱታውን ረስቶታል።

"ንቀለው!" ብዬ ጮህኩ። ነርሶቹ ዞረው አዩኝ። "ገመዱን ንቀለው!"

"ምነው? ሲለምኑት የሰነበቱት አይደል እንዴ?"

"ያቀልጠዋል! ንቀለው አልኩህ!"

ሲሮጥ፣ ሲንሸራተት፣ በወሎኛ ሲራገም በስልኩ ሰማሁት። ከዚያ፣ "ነቀልኩት" አለ እያለከለከ። "ግን ጋሼ፣ ፀሐይም ወጥታለች። ፀሐይን ከየት ነው የምነቅላት?"

ነዳሁ። መንገዱ ገና በረዶ ነበር፤ ከግራና ቀኝ ዞረው የቆሙ፣ ቦይ ውስጥ የገቡ መኪናዎች አየሁ። እኔ አልተንሸራተትኩም፤ ዕድሜ ልኬን የነዳሁ ሰው ነኝ። ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ስገባ ከየጣሪያው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። የእያንዳንዱ ጠብታ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሰውዬው አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ራሱን ከሞተርሆሙ ሥር አስገብቶ አገኘሁት። ፎሙን ቀድዶ ጥሎታል። ከስንጥቁ ሥር ሚስቱ ለኢድ ወጥ የምትሠራባቸውን ትልልቅ ድስቶች ደርድሯል።

"ታጥበዋል" አለኝ ሳልጠይቀው። "ሁለቴ አሳጥቤያቸዋለሁ።"

ሁሉን ግን አልያዙም። ስንጥቁ ረጅም ነበር፤ ከድስቶቹ አልፎ የፈሰሰው መሬቱን ይዞ እስከ በሩ ወርዷል። በላዩ ላይ የመኪና ጎማ አልፎበታል፤ የሰው ጫማ ረግጦታል። ያን እያየሁ ቆምኩ። ሰውዬው እጄን ይዞ፣ "እሱን አይዩት ጋሼ፤ ይህን ይዩ" ብሎ ድስቱን አሳየኝ። ግማሽ የሚሆን ውሃ፣ በላዩ የበረዶ ስባሪ ይንሳፈፍበታል። በንጹሕ ጠርሙስ ቀዳሁ። የቀረውን ሚስቱ በጀሪካን ልታኖርልኝ ተቀበለችኝ። ጠርሙሱን ደረቴ ላይ ከኮቴ ሥር አድርጌ ተመለስኩ።

ስደርስ ባለቤቴ መዋጥ እንደማትችል ነገሩኝ። ነርሷ ጫፏ ላይ ስፖንጅ ያላት ትንሽ እንጨት ሰጠችኝ፤ ከንፈር ማርጠቢያ ነው። በጠርሙሱ ነክሬ ከንፈሯን አራስኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ዐይኗን ገለጠች።

"ከዚያው ነው?"

"ከዚያው ነው።"

"አልቀዳኸውም ነበር?"

"አልቀዳሁትም። አንቺ እንዳልሽው እዚያው ነበር።"

ምላሷን ከንፈሯ ላይ አሳለፈች። "ተነሣን እንዴ ታዲያ?" አለችኝ።

"ተነሣን" አልኳት።

ይህን ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረኝ። ልጃችን በወዲያኛው ወገን እጇን ይዛ ነበር፤ ስለ ቧንቧ ውሃ ያን ቀን ሁለተኛ አላነሣችም። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረችም። በዚያው ሳምንት አረፈች። ጀሪካን ውስጥ የቀረውን ለካህናቱ ሰጠሁ፤ እነሱ የት እንደሚያደርጉት ያውቃሉ።

ታንኩን ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ያስገባሁት ብቻዬን ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አታገኙም። ሞተርሆሙን ሽጠው የሚሉኝ አሉ፤ አልሸጥም፤ የትም ግን አልሄድኩበትም። ቁልፉ አሁን ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ብርዱ ሳይቀድመኝ እሄዳለሁ። ሙቅ ውሃውን አጎድላለሁ፤ ቧንቧዎቹን እነፋለሁ፤ ሮዙን ፈሳሽ ስቤ በመታጠቢያው አፍ ሲወጣ አያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ከሥር ተንበርክኬ የታንኩን መክፈቻ አዞራለሁ። ውሃው ይወርዳል፤ አስፋልቱን ይዞ ወደ በሩ ይሄዳል። ብርዱ ሲያልፍ እኔው የሞላሁት ተራ ውሃ ነው። የጋራዡ ሰውዬ ይረግጠዋል፤ እኔም እረግጠዋለሁ።

"አለቀ ጋሼ?" ይለኛል።

"ገና ነው" እለዋለሁ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ሥሩ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።